ባሌስትራ ከተጨመረ በኋላ የመጣው ኳኳታ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አማኑኤልን መሐል ለመሐል አቋርጦ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር፣ በቆርቆሮ በታጠረ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ሃይስ ሚኒባስ ቆሟል። ሹፌሩ ወጣት ነው። ከመሪው ወርዶ በሩን ሳይዘጋ ብሶቱን ጀመረ።

«ጋሼ፣ እግሩ ያንኳኳል። ሾክ ቀየርኩ፤ የፊቱን ቴስቲና ቀየርኩ። ብሩ አለቀ እንጂ ኳኳታው አላለቀም።»

መካኒኩ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ ሰው ናቸው። መፍቻም ክሪክም አላነሱም። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ባሌስትራ አስጨመርኩ። ከኋላ፣ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ብረት።»

«ኳኳታውስ ከዚያ በፊት ነበር?»

«ኧረ አልነበረም። ካስጨመርኩ ሳምንት ሳይሞላኝ ነው የመጣው።»

«ባዶ ስትሆን ነው ጭነህ? አንዴ ነው ተደጋግሞ? ጉድጓድ ስትገባ ነው ፍሬን ስትይዝ?»

ሹፌሩ ለአፍታ ዝም አለ። እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። «ስነሳ አንዴ ኳ ይላል። ፍሬን ስይዝም አንዴ። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ደግሞ እንደዚያው።»

ሹፌሩ እስኪጨርስ ድረስ መካኒኩ የምርመራቸውን ገሚስ አገባደዋል። ሾክና ቴስቲና ሲቀየሩ ያልጠፋው ድምፅ በጥቂት ጥያቄ ብቻ ቦታው ጠበበ። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ያ እንዴት እንደሆነ ነው። የመኪና እግር ሲሻሻል በእግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከመኪናው አይወጣም፤ ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል። ኳኳታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው ኃይሉ የተዛወረበትን ቦታ ነው።

የባሌስትራ ሥራ

ባሌስትራ ረዣዥም ጠፍጣፋ ብረቶች ተደራርበው የሚታሰሩበት የመኪና እግር ክፍል ነው። አሠራሩ ከመኪና ይቀድማል፤ እንግሊዛዊው ኦባዲያ ኤሊየት በፈረስ ለሚጎተት ሠረገላ ተመሳሳይ ነገር ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1804 ነው። በአገራችን መንገዶች ላይ የሚታዩት አይሱዙዎች፣ ፒክአፖችና «ዶልፊን» ወይም «አባዱላ» እየተባሉ የሚጠሩት ሃይሶች ዛሬም ከኋላ የሚሸከሙት በዚሁ ነው። ሃይስ ከፊት ለፊት ግን ባሌስትራ የለውም፤ በምትኩ እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚያገለግል ቶርሽን ባር የሚባል ዘንግ አለው።

ባሌስትራ ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ክብደት ይሸከማል፣ ጉድጓድ ሲመጣ ተጣጥፎ ይመለሳል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የኋላውን አክስል በቦታው ይይዛል። ጎማው መኪናውን ወደፊት ሲገፋ ግፊቱ ወደ ሻንሲው የሚተላለፈው በባሌስትራው በኩል ነው። ፍሬን ሲያዝም አክስሉ ወደ ኋላ እንዳይቀር የሚጎትተው ያው ባሌስትራ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስሩት ጥቂት ዕቃዎች ናቸው። በብረቶቹ መሐል የሚያልፍ አንድ የመሐል ብሎን አለ። ጭንቅላቱ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለ ቀዳዳ ውስጥ ልክ ገብቶ አክስሉን ከመንሸራተት ያግዳል። ከእርሱ ግራና ቀኝ ደግሞ እንደ «ዩ» ፊደል የታጠፉ ብሎኖች ባሌስትራውንና አክስሉን አንድ ላይ ጠፍረው ይይዛሉ። ጫፍና ጫፉ ላይ በጎሚኒ፣ ማለትም በላስቲክ ቀለበት፣ ውስጥ የሚያልፉ ፔርኖ የሚባሉ ዘንጎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ከላላ ሹፌሩ ኳ ሲል ይሰማዋል።

ለምን ይጨመራል?

ባሌስትራ የሚያስጨምር ሰው ምክንያት አለው። የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ጤፍ፣ ስንዴና ድንች አምራች ነው፤ ምርቱ ደግሞ ከቀበሌ ወደ ገበያ የሚወጣው በጠጠር መንገድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀድሞ መኪና ያልረገጣቸውን ብዙ ቀበሌዎች ከዋናው መንገድ ጋር አገናኝቷል። መንገዱ ግን ጠጠር ነው። ከአንድ ክረምት በኋላ በውኃ ይቦረቦራል፣ ድንጋዩም ከመሬት ይወጣል። ሃይሱ ሰው ይጭናል፣ የሰው ጓዝ ይጭናል፣ ላዩ ላይ ደግሞ ኩንታል ይከመርበታል። ጭራው ይወርዳል፣ ሆዱ መሬት ይነካል። ባለንብረቱም «አንድ ብረት ጨምርበት» ይላል።

መኪና መለወጥም ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እጅግ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ ያለው መኪና ይጠገናል፣ ይጠናከራል፣ ይታደሳል። በዚህ መንገድ ለዐሥርተ ዓመታት ያገለገሉትን የፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች ያየ ሰው የኢትዮጵያ መካኒክ ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል። ይህ እውቀት ክብር ይገባዋል። ክብሩ የሚሟላው ግን ማሻሻያው ምን እንደሚያስከትል ሲታወቅ ነው።

አንድ ብረት ምን ያህል ይለውጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። የባሌስትራ ግትርነት ከብረቶቹ ብዛት ጋር ያድጋል። አራት እኩል ብረት ባለው ባሌስትራ ላይ አምስተኛ እኩል ብረት ቢጨመር ግትርነቱ በ25 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከብዛት ይልቅ ግን የሚወስነው ውፍረት ነው፤ የአንድ ብረት ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። ስለዚህ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ሆኖ 8 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብረት ከ6 ሚሊ ሜትሩ 2.4 እጥፍ ገደማ ይገትራል። ከሌላ መኪና ተቆርጦ የመጣ አንድ ወፍራም ብረት የሁለት ቀጭን ብረቶችን ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ባለንብረቱ «አንድ ብቻ ጨመርኩ» ይላል። መኪናው የሚያውቀው ግን ሌላ ነው።

ግትር ባሌስትራ ጉድጓዱን በራሱ ላይ አያስቀርም። ቀድሞ ብረቱ ሲተጣጠፍ ይቀንስ የነበረው ምት አሁን ወደ ፔርኖው፣ ወደ ጎሚኒው፣ ወደ ሾኩ ማሰሪያና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። መኪናው ባዶ ሲሆን ባሌስትራው ወደ ላይ ስለሚያነሳው ሾኩ ተዘርግቶ ይቆያል፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ የሾኩ ርዝመት ያልቅና ከውስጡ ይመታል። ጭራው ከፍ ስላለ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ አንግሉ ይለወጣል፣ መገጣጠሚያዎቹም ቀድመው ያልቃሉ።

ከፍ የተደረጉ የከተማ መኪኖችም ከዚህ ነገር አያመልጡም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቪትዞችና ያሪሶች ከሞላቸው ላይ ወይም ከሥሩ ማንሻ ገብቶላቸው ከፍ ብለዋል። የፊት እግራቸው ሞላውንና ሾኩን በአንድ ላይ የሚይዝ ነው፤ ይህን አሠራር የነደፈው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኧርል ማክፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ከፍ ሲደረግ ሾኩ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጥርበታል። ከዚያ ጎማው ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲወርድ አንድ ደረቅ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማል። ባለመኪናው ሾኩ የሞተ ይመስለዋል። አዲስ ሾክ ቢገባ ግን ድምፁ አይጠፋም፤ ያጠረው ርዝመቱ እንጂ ዕድሜው አይደለም።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

በአማኑኤሉ ጋራዥ መካኒኩ ረዳታቸውን ጠርተው ከሹፌሩ ጋር ወጡ። ሹፌሩ ቀስ ብሎ ነዳ። ኳ አለ። «ሰማህ? ከፊት ነው» አለ ሹፌሩ። ረዳቱ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ከሥሬ ነው» አለ።

ሁለቱም የሰሙት ትክክል ነበር። ሻንሲው አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ የኋላ ድምፅ ፊት ድረስ ይሄዳል፤ በጎጃም ኮረብታዎች መሐል ከሩቅ ደብር የሚመጣ የደወል ድምፅ ከወዲያኛው ሸንተረር እየተመለሰ አቅጣጫውን እንደሚያሳስት ሁሉ። ሹፌሩ የፊት ቴስቲናውን የቀየረው በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ መካኒኩ «ከየት ይሰማል?» ከማለት ይልቅ «መቼ ይሰማል?» ብለው ይጠይቃሉ። ኃይሉ አቅጣጫውን የሚቀይረው መቼ እንደሆነ ካወቁ የላላውን ክፍል ያገኙታል።

ከዚህ ልማድ የሚገኘውን ትምህርት እንዲህ ማስቀመጥ ይቻላል። በትናንሽ ጠጠር ላይ ተደጋግሞ «ኳ ኳ ኳ» የሚል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ወይም ያለቀ ቀላል ዕቃን ያሳያል፤ የስታቢላይዘር ማያያዣ፣ የሾክ ጎሚኒ። በትልቅ ጉድጓድ ላይ ብቻ የሚመጣ ከባድ ምት እግሩ እስከ መጨረሻው ተጣጥፎ ወይም ተዘርግቶ መምታቱን ይናገራል። መሪ ሲዞር የሚመጣ ከሆነ ዓይን ወደ ፊት እግር ይሄዳል። ሲነሱና ሲቆሙ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን አንድ ከባድ ነገር ወደፊትና ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ነው።

የዚህ ሃይስ ድምፅ ከመጨረሻው ዓይነት ነው። ይሁን እንጂ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አክስሉን የያዘው ማሰሪያና ዘንጉ። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያው ቢያልቅም ሲነሱ ኳ ይላል። መካኒኩ ለመለየት የተጠቀሙበት ዘዴ መፍቻ እንኳ የማይጠይቅ ነው።

«አሁን ሜዳው ላይ ቀስ ብለህ ሂድ። ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ርገጥና ከዚያ ፍሬን ያዝ።»

ሹፌሩ እንደተባለው አደረገ። ኳ አለ።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሞተሩ ኃይል ከዘንጉ ይለያል፤ ሞተሩ ዘንጉን አይጠመዝዘውም። ፍሬኑ ግን አክስሉን ወደ ኋላ ይጎትታል። ድምፁ በዚያን ጊዜም ከመጣ ዋናው ጥፋት ከዘንጉ ሳይሆን አክስሉን ከያዘው ነገር ነው። አንድ ዕቃ ሳይፈታ፣ አንድ ብር ሳይወጣ፣ ከሁለቱ ተጠርጣሪዎች አንዱ ነጻ ወጣ።

የጠመኔ መስመር

ግቢ ሲመለሱ ረዳቱ በባሌስትራው ጎንና በአክስሉ መቀመጫ ላይ አንድ ቀጥ ያለ የጠመኔ መስመር አሰመረ። በግራም በቀኝም። ሹፌሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደፊት እየነዳ ፍሬን ያዘ፣ ወደ ኋላም ሄደ። የቀኙ መስመር እንደነበረ ነው። የግራው ለሁለት ተሰብሯል፤ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ተራርቀዋል። ከብረቶቹ መሐል ቀይ የዝገት ዱቄት ወጥቷል፣ ከመቀመጫው ጠርዝ ደግሞ አዲስ የተፋቀ ብረት ያበራል። የዝገት ዱቄትና የሚያበራ ጠርዝ አንድ ላይ ሲገኙ የሚሉት ነገር አንድ ነው፤ እዚህ ላይ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል።

መኪናው በክሪክ ተነሣ፤ ከሻንሲው ሥር ወፍራም ግንዶች ገቡ። መካኒኩ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም እንዲገባ አይፈቅዱም።

ሲፈታ ጥፋቱ ወጣ። ብረት ሲጨመር ባሌስትራው ስለወፈረ የድሮው የመሐል ብሎን አጥሯል። በምትኩ ከዕቃ መሸጫ የተገኘ ተራ ብሎን ገብቷል። ርዝመቱ ይበቃል፤ ጭንቅላቱ ግን ለመቀመጫው ቀዳዳ አንሷል፣ በውስጡም ይንገዋለላል። የ«ዩ» ብሎኖቹ ደግሞ የድሮዎቹ ናቸው። ባሌስትራው ሲወፍር እነርሱም አጥረው ዳዶው የያዘው ጥርስ ጥቂት ነው። አዲስ የተደራረበ ብረት ከተጫነ በኋላ በመሐሉ ያለው ዝገትና ቀለም ይጨመቃል፣ ጥብቀቱ ይላላል። ካስጨመረ በኋላ እንደገና ያጠበቀለት ሰው አልነበረም።

«ይሄ ብሎን ቢበጠስስ ጋሼ?» አለ ሹፌሩ።

«አክስሉ በአንድ በኩል ወደ ኋላ ይሄዳል። መሪህን ቀጥ አድርገህ ይዘህ መኪናው በራሱ ይዞራል። ያ ደግሞ ዓባይ በረሃ ላይ ቢሆንስ?»

በረሃውን አቋርጦ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የሚሄደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ መልሶም ያንኑ ያህል ይወጣል። ያን ቁልቁለት ሰው ጭኖ የሚወርድ መኪና አክስሉን የያዘው በተንገዋለለ ብሎን መሆን የለበትም።

ጥገናው እንዴት ይሠራል?

ሥራው ከዚህ በኋላ ቀጥተኛ ነበር። ጭንቅላቱ ከመቀመጫው ቀዳዳ ጋር ልክ የሆነ የመሐል ብሎን ተገኘ። ለወፈረው ባሌስትራ የሚበቁ አዲስ የ«ዩ» ብሎኖች ገቡ። የብረቶቹ ገጽ ተፋቀ። ዳዶዎቹ በአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን እየተሻገሩ፣ በየተራ፣ ትንሽ በትንሹ ጠበቁ።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዦች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። የፔርኖዎቹ ዳዶ የሚጠብቀው መኪናው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ ነው። በተለመደው የጎሚኒ አሠራር፣ ዳዶው ሲጠብቅ የጎሚኒው የውስጥ ቱቦ ይታሰራል፤ እግሩ ሲንቀሳቀስ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ራሱ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ በየጉድጓዱም ይበልጥ እየተጠመዘዘ ቶሎ ይቀደዳል። «አዲስ ጎሚኒ ሦስት ወር አልቆየልኝም» የሚሉ ባለመኪናዎች ጥፋቱን ዕቃው ላይ ብቻ ያያሉ። አጠባበቁም ሊጠየቅ ይገባል።

በመጨረሻ ረዳቱ በእያንዳንዱ ዳዶና በመቀመጫው ላይ የነጭ ቀለም መስመር ሳበ። ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ ብቻ ማወቅ ይችላል። መካኒኩም «ጭነህ ሁለት ሦስት ቀን ከሠራህበት በኋላ ና፤ እንደገና እናጠብቀዋለን» አሉት። የቀድሞው ሥራ የጎደለው ይህ ቀጠሮ ነበር።

ጭነቱስ?

ሹፌሩ ከመሄዱ በፊት ደስ የማይል ጥያቄ ተጠየቀ፤ ስንት ኩንታል ነው የምትጭነው? ባሌስትራ መጨመር ጭራውን ያነሳል እንጂ የአክስሉን፣ የጎማውን፣ የኩሽኔታውንና የፍሬኑን አቅም አያሳድግም። እንዲያውም ጭራው የማይወርድ መኪና ከመጠን በላይ መጫኑን ይደብቃል።

ክፍያው በመኪናው ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት በተካሄደ ታላቅ የመንገድ ሙከራ አንድ አክስል በአስፋልት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በጭነቱ አራተኛ ርቢ ገደማ እንደሚያድግ ታይቷል። ጭነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር ጉዳቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ይህ በዋናነት የከባድ መኪኖች ሒሳብ ነው። ባሌስትራ እየጨመሩ ከልክ በላይ የሚጭኑ አይሱዙዎችና ሲኖትራኮች መንገዱን ይቦረቡሩታል፤ የተቦረቦረው መንገድ የሃይሱን እግር ይሰብራል፤ የሃይሱ ባለቤትም ባሌስትራ ያስጨምራል።

ምን ይደረግ?

እንደ አማኑኤሉ ላሉ መካኒኮች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። መሣሪያ በሌለበት ጥያቄና ጠመኔ ይዘው ጥፋቱን ያገኛሉ። ይህ እውቀት ግን በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ተቀብሮ መቅረት የለበትም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ዕቃ መፍታትንና መግጠምን የሚያስተምሩትን ያህል ሹፌርን መጠየቅንም ያስተምሩ። በጋራዦች ውስጥ የጥብቀት መጠን የሚለካ መፍቻ ይኑር። መኪና በየዓመቱ ለቦሎ ሲቀርብ መርማሪው የተጨመረ ባሌስትራና የተጨመረ ማንሻ ይፈልግ፤ ሲያገኝም «ከዚህ ጋር ምን ምን ተቀየረ?» ብሎ ይጠይቅ።

ባለንብረቱም ድርሻ አለው። ባሌስትራ ሲያስጨምር የመሐሉን ብሎን፣ የ«ዩ» ብሎኖቹንና የሾኩን ርዝመት አብሮ ያስፈትሽ፤ የተሠራውንም በወረቀት አጽፎ ከመኪናው ሰነድ ጋር ያስቀምጥ፤ መኪናው ሲሸጥ ወረቀቱ ለገዢው ይለፍ። ቀጣዩ መካኒክ «መጨረሻ የተነካው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ እጁ ላይ ይኖራል። ሹፌር ደግሞ ኳ የሚል ድምፅ የሰማ ዕለት ዕቃ ለመግዛት አይቸኩል፤ ራዲዮኑን አጥፍቶ መቼ እንደሚመጣ ያዳምጥ፣ ጭነቱን ይቀንስ፣ አክስሉን የያዙትን ብሎኖች ሳያስፈትሽም ሰው ጭኖ ረጅም መንገድ አይውጣ። ፍተሻው የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው፤ የተሳፋሪው ሕይወት የተንጠለጠለው በእነዚያ ጥቂት ብሎኖች ላይ ነውና።